ትሱፑ! የኬችዋን የተፈጥሮ ድምፆች መልመድ ለሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ

በኢኳዶር አማዞን፣ በናፖና በፓስታዛ ወንዞች አካባቢ የሚኖሩ የኪችዋ፣ ማለትም የኢኳዶር ኬችዋ ቋንቋ፣ ተናጋሪዎች አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ «ትሱፑ» ይላሉ። ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ተወግቶ ወንዝ ውስጥ የገባ የጫካ አሳማም ሊሆን ይችላል። እስኪ ጮክ ብላችሁ በሉት። «ትሱ» ስትሉ ነገሩ የውሃውን ፊት ይነካል፣ «ፑ» ስትሉ ውሃው ይውጠዋል። ትርጉሙ አንዴ ከተነገራችሁ በኋላ ቃሉ ሌላ ነገር ማለት ይችላል ብሎ ማሰብ ራሱ ያስቸግራል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከዜሮ ተነስቶ መልመድ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቋንቋውን ልትማሩ ያሰባችሁ ብትሆኑም፣ የወፍና የጫካ ነገር የሚማርካችሁ ብትሆኑም ይጠቅማችኋል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እነዚህን ቃላት እንደ ዝርዝር መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። የሚለመዱት በድምፅ፣ በእጅና በፊት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ የተመቸ አፍና ጆሮ አለው። የምሬን ነው፤ ከስፓንኛ ወይም ከእንግሊዝኛ ተነስቶ ከሚመጣው ሰው በሁለት ነገር ትቀድማላችሁ።

መጀመሪያ ግን፣ የትኛውን ኬችዋ?

ኬችዋ አንድ ወጥ ቋንቋ አይደለም። ከኮሎምቢያ ደቡብ ጀምሮ በኢኳዶር፣ በፔሩና በቦሊቪያ አልፎ እስከ አርጀንቲና ሰሜን የተዘረጋ ቤተሰብ ነው። ፔሩ ውስጥ ብቻ በ2017ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ3.7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ ኬችዋ መሆኑን ተናግረዋል። ኢኳዶር ውስጥ ስሙ ኪችዋ ይሆናል። ውሃ በፔሩ ተራሮች ባለው ኩስኮ ላይ «ኡኑ» ነው፤ አያኩቾ በሚባለው ሌላ የፔሩ አካባቢና ኢኳዶር ላይ «ያኩ» ነው። ስለዚህ የሁሉንም ቃል አንድ ላይ ከሰበሰባችሁ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አንዱን ምረጡ። ልባችሁ ወደ ተራራ፣ ወደ ነጎድጓድና ወደ ደጋ ወፎች ካዘነበለ ኩስኮን ያዙ። ጫካና ወንዝ ከሆነ የፓስታዛን ወይም የናፖን ኪችዋ ያዙ። ለእኔ የድምፅ ቃላትን ለመማር የአማዞኑ ይሻላል። ምክንያቱም በደንብ የተጠናው እሱ ነው። በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዋ ጃኒስ ናኮልስ የፓስታዛን የድምፅ ቃላት ለአሥርተ ዓመታት አጥንታለች። እሷና ባልደረቦቿ ቃላቱን ከነተናጋሪዎቹ ድምፅና ምስል አድርገው በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። «ኬችዋ ሪል ወርድስ» (Quechua Real Words) ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጎን ክፈቱት። እኔ በፊደል የምጽፈው ነገር ያለ ድምፅ ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ብልጫችሁ፦ «አለ»

አማርኛችንን እንየው። ዱብ አለ። ኮሽ አለ። ጠብ አለ። ብልጭ አለ። ዘጭ አለ። ቦግ አለ። ድርግም አለ። ቃሉ ብቻውን ግስ አይደለም፤ «አለ» ነው የሚሸከመው። የወደቀው ድንጋይ አፍ ኖሮት ምንም የተናገረው ነገር የለም፣ እኛ ግን «ዱብ አለ» ስንል ማንም ግር አይለውም። ይህንን ለፈረንጅ ማስረዳት ስንት ጊዜ ይፈጃል!

ኬችዋም ይህንኑ ያደርጋል። «ኒ» የሚለው ሥር «ማለት» ነው፤ ኩስኮ ላይ «ኒይ»፣ ኢኳዶር ላይ «ኒና» ይሆናል። ሰው ሲናገርም ያገለግላል፣ ነገር ድምፅ ሲያሰማም ያገለግላል። ትሱፑ አለ፣ ታክ አለ። ልክ እንደኛ። ስለዚህ አዲስ ቃል ባገኛችሁ ቁጥር በአማርኛ «ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁና ከራሳችሁ ቋንቋ አቻ ፈልጉለት። የቃሉን ጠባይ የምትይዙት በዚህ ነው።

እስኪ ጥቂቶቹን እንሞክር። «ፖላንግ» ማለት ከውሃ ሥር የነበረ ነገር ወደ ላይ ሲመጣ ወይም በውሃው ፊት ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ዓሣ፣ ኤሊ፣ ታንኳ። እኛ «ብቅ አለ» እንላለን፣ ግን ፖላንግ ውስጥ የውሃው ልስላሴም አለ። «ሊንግ» አንድ ነገር በጠባብ ቦታ ውስጥ ሲገባ ነው። ጥልቅ አለ፣ ስክት አለ ልትሉት ትችላላችሁ። «ትሱክ» ከትልቅ ነገር ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲነሳ ነው፣ ቦጨቅ እንደማድረግ።

«ታክ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ታክ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበት ቅጽበት ነው። እግር መሬት ሲነካ ታክ። እጅ ግንድ ሲይዝ ታክ። መገናኘቱ ድምፅ ኖረውም አልኖረው ያው ታክ ነው። አማርኛ ላይ አንድ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም፤ አንዳንዴ ነካ፣ አንዳንዴ ልጥፍ፣ አንዳንዴ ቷ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር የሚገባው። እነዚህ ቃላት «የድምፅ» ቢባሉም ሁሉም ድምፅ አይቀዱም። የሚቀዱት የሚሆነውን ነገር ነው፤ ድምፁን፣ መልኩን፣ ፍጥነቱን፣ ሲነካ የሚሰማውን ስሜት። ይህም ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ብልጭ፣ ውልብ፣ ድርግም ምን ድምፅ አላቸው? ምንም። ግን ሁሉም ይታዩናል። ናኮልስን የመሰሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ቃላት አይዲዮፎን ይሏቸዋል። ስማቸውን ማወቅ የሚጠቅመው ፍለጋ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ብልጫችሁ፦ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ

ኩስኮን የመረጣችሁ እዚህ ጋ ደስ ይበላችሁ። የኩስኮ ኬችዋ እያንዳንዱን የሚፈነዳ ድምፅ፣ እንደ ት፣ ች፣ ክ፣ ፕ ያለውን፣ በሦስት መልክ ይይዛል። ተራው፣ ትንፋሽ ያለበት፣ እና የሚጠብቀው። ሦስተኛው የኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ ነው። በላቲን ፊደል ከላይ ጭረት ይደረግበታል። ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩት ምሳሌ አለ፦ «ታንታ» ስብሰባ ነው። በ«ታ» ላይ ትንፋሽ ሲጨመር ያረጀ፣ የተቀዳደደ ማለት ይሆናል። «ጣንታ» ደግሞ ዳቦ ነው። ስንቱ የውጭ ተማሪ ዳቦ ለመጠየቅ ጉሮሮውን ሲያስጨንቅ ይውላል፣ እናንተ ግን ጣንታ ብላችሁ ትገላገላላችሁ።

ለተፈጥሮ ድምፆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠብቁትና ትንፋሽ ያለባቸው ድምፆች በእነዚህ ቃላት ውስጥ በብዛት ይገኛሉና። «ጦቕያይ» መፈንዳት ነው። «ጳኪይ» መስበር ነው። «ጫቕቹይ» ውሃ መርጨት ነው። በትንፋሽ በኩል ደግሞ «ፑኩይ» አለ፣ መንፋት። «ፑ»ውን ስትሉት ሻማ እንደምታጠፉ ትንፋሽ አውጡ። «ዋይራ ፑኩን» ማለት ነፋስ ይነፍሳል ማለት ነው፤ በደንብ ከተባለ ነፋሱ አፋችሁ ላይ አለ። ጥሩ ዜናው፣ በአንድ የቃል ሥር ውስጥ የሚጠብቅ ወይም ትንፋሽ ያለበት ድምፅ ከአንድ በላይ አይገባም። አንዱን ካገኛችሁ የቀሩት ተራ ናቸው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ በተለይ ለእኛ። በላቲን ስንጽፍ ቀን በ«ኪው» ፊደል የመጻፍ ልማድ አለን። የኬችዋ ኪው ግን ቀ አይደለም። ቀ የሚሆነው ጭረት ያለበት «ኬ» ነው። ኪው ከጉሮሮ በላይ ከምላስ ሥር የሚወጣ፣ ሳይጠብቅ የሚባል ጥልቅ ድምፅ ነው። ዓረብኛ የቀራችሁ ወይም ቁርኣን ሲቀራ ሰምታችሁ ያደጋችሁ «ቃፍ»ን አስታውሱ፤ እሱው ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ይህንን ድምፅ «ቐ» ብዬ እየጻፍኩ ነው፤ ለምልክት ያህል ነው እንጂ እንደ ትግርኛው አይነበብም። የቃል ክፍል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ደግሞ ላልቶ ወደ «ኽ» ይጠጋል፤ ስለዚህ ጦቕያይ ጆሮ ላይ ጦኽያይ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ነጎድጓድ ኩስኮ ላይ «ቓቕያ» ነው፣ የመጀመሪያው ላይ ትንፋሽ አለው። ሁለቱንም ጥልቅ ድምፆች በትክክል ስትሏቸው ሰማይ ሲሰነጠቅ ትሰማላችሁ።

አጻጻፍ ላይ እንዳትደናገሩ ደግሞ፦ አንዱ ምንጭ ጦቕያይን በ«ኦ» ሌላው በ«ኡ» ይጽፈዋል። ፔሩ ውስጥ ሦስት አናባቢ ይበቃል የሚሉና አምስት ያስፈልጋል የሚሉ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። የትምህርት ሚኒስቴር በሦስት ይጽፋል፣ የኩስኮው የኬችዋ አካዳሚ በአምስት። ቃሉ አንድ ነው። ፍለጋችሁ ባዶ ከመጣ በሌላኛው አናባቢ ሞክሩ።

ከወፎች ጀምሩ

ወፎች ለጀማሪ ይመቻሉ። ብዙዎቹ ስማቸውን ራሳቸው ይጠራሉ። «ኩኩሊ» እርግብ ነው። «ቱኩ» ጉጉት ነው፣ የእኛም «ጉጉት» ሩቅ አይደለም። «ቺውቺ» ጫጩት ነው። «ቂልዪቹ» ትንሽ ጭልፊት ነው፣ ስለታም ጩኸቱ ስሙ ውስጥ አለ። «ሌቔቾ» በአንዲስ ተራሮች ደጋ ረግረግና ሣር ላይ የሚኖር ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ወፍ ነው፤ ሰው ሲጠጋው ሌቕ ሌቕ ሌቕ እያለ አገር ምድሩን ያስጠነቅቃል። እኔ በጣም የምወደው ግን «ሃቃክልዩ» ነው። የግንደ ቆርቁር ዘመድ ሆኖ ግንድ በሌለበት ደጋ ላይ የሚኖር፣ ጎጆውን በገደል አፈርና በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚሠራ ወፍ ነው። ከቦታ ቦታ ስሙ ይለዋወጣል፣ አንዱ ጋ አካክልዩ ይሉታል፣ ግን ያ ሳቅ የሚመስል «ካካካ» ከስሙ አይወጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዜኖ-ካንቶ የሚባል በ2005 የተጀመረ የወፍ ድምፅ ድረ ገጽ አለ፣ በነፃ ነው። የወፉን ሳይንሳዊ ስም አስገቡ፤ ለሌቔቾ «ቫኔሉስ ሬስፕሌንደንስ» (Vanellus resplendens) ነው፣ ለሃቃክልዩ «ኮላፕቴስ ሩፒኮላ» (Colaptes rupicola)። የኬችዋውን ስም ሳታዩ መጀመሪያ ድምፁን ደጋግማችሁ ስሙ። ከዚያ በራሳችሁ አፍ ምሰሉት። ከዚያ ብቻ የኬችዋውን ስም በሉት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ስሙን ቀድማችሁ ካነበባችሁ ጆሯችሁ ወፉን ትቶ ፊደሉን ይሰማል።

ስለ ወፍ ስታወሩ የሚያስፈልጋችሁ ግስ «ዋቓይ» ነው። ሰው ሲያለቅስ ዋቓይ፣ ወፍ ሲዘምር ዋቓይ፣ ደወል ሲደወል፣ ዋሽንት ሲነፋ ዋቓይ። «ፒስቑ ዋቓን» ብትሉ ወፍ ይጮኻል፣ ይዘምራል ማለት ነው። በዚህ ግስ ሐዘንና ዜማ አይለያዩም።

ነፍሳትንም አትርሱ። «ቺሪሪንካ» የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሰማያዊ ዝንብ ነው፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ በአንዲስ የሞት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፣ ስለዚህ ቃሉን እየሳቃችሁ በሰው ቤት አትለማመዱበት። «ታንካይልዩ» ደግሞ ዝዝዝ እያለ የሚበር ትልቅ ነፍሳት ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን «ይልዩ» አጢኑ፤ የትናንሽ ክንፎች ሙዚቃ ነው ይባላል። ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ ለጥፋችሁ «ልይ» የሚለውን አራዝሙት።

አማዞን ላይ ደግሞ ነገሩ ከስም ያልፋል። «ሺኩዋ» ብላ የምትጮህ፣ ጅራቷ ረጅም ወፍ አለች፤ ሰዎች ድምጿን ሲሰሙ ያሰቡት ነገር ይሳካ ወይም አይሳካ እንደሆነ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። የወፏን ድምፅ በትክክል መምሰል ማለት እዚያ የተናገረችውን በትክክል መድገም ማለት ነው።

አሁን በሙሉ ሰውነት

እስካሁን ያልኩት ዝግጅት ነው። ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል።

የኬችዋ ተራ ቃል ላይ ጉልበቱ ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ያለው ክፍል ላይ ያርፋል። ዋይ-ራ፣ ኡር-ማ-ና። የፓስታዛ የድምፅ ቃላት ግን ይህንን ሕግ ይጥሳሉ። ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ ትሱ-ፑ፣ ፖ-ላንግ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ከተራው ንግግር ብድግ ብሎ ይለያል። ልክ እናቶቻችን ወሬ ሲያወሩ «ዘ...ጭ!» ሲሉ ድምፃቸው እንደሚቀየረው። በቀዘቀዘ ድምፅ የተባለ ትሱፑ ስሕተት ነው።

ማራዘምና መደጋገም ትርጉም ይለውጣሉ። «ትሱፑ» ካላችሁ ገባ፣ አለቀ። «ትሱፑኡኡኡ» ካላችሁ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ። «ታክ ታክ ታክ» ካላችሁ ደጋግሞ ነካ። «ፖላአአአንግ» ካላችሁ ቀስ እያለ ተንሳፈፈ። እነዚህን አራቱን ደጋግማችሁ ተለማመዱ፣ ርዝመቱ ትክክል እስኪመስላችሁ ድረስ። ከዚያ እጃችሁን ጨምሩ። ተናጋሪዎቹ ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም፤ ሊንግ ሲሉ ጣት ይገባል፣ ፖላንግ ሲሉ መዳፍ ይንሸራተታል። ቪዲዮዎቹን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እጃቸውን ብቻ እዩ። ከዚያ በድምፅ እዩ።

ግሱን ለመጣልም አትፍሩ። ድንጋይ «ሩሚ» ነው፣ መውደቅ «ኡርማና» ነው። ግን ሰው ወሬ ሲሞቀው ድንጋዩንና ውሃውን ይጠራና «ትሱፑ!» ብሎ ይጨርሳል። መውደቁ ተነግሯል።

አሁን ደግሞ አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ። እኛ እነዚህን ቃላት በአሉታ ማውራት እንወዳለን። ኮሽ አላለም። ትንፍሽ አላለም። ጠብ የሚል ነገር የለም። እንዲያውም አንዳንዶቹን በአሉታ ነው ይበልጥ የምንጠቀምባቸው። የፓስታዛ ኪችዋ ተናጋሪዎች ግን የድምፅ ቃላታቸውን አሉታ ውስጥ አያስገቡም ማለት ይቻላል። ናኮልስ ይህንን በደንብ ጽፋበታለች። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፦ ትሱፑ ያለ ሰው ነገሩን ዓይናችሁ ፊት አድርጎታል፤ የተደረገን ነገር አልተደረገም ማለት አይቻልም። ስለዚህ «ትሱፑ አላለም» ማለት ሲያምራችሁ ተዉት። ተራውን ግስ ወስዳችሁ አልወደቀም በሉ።

ለልምምድ አንድ አጭር ታሪክ ልስጣችሁ። በኢኳዶር አማዞን አቪላ በሚባል መንደር የተመዘገቡ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው ዛፍ ይቆርጣል፦ «ታ ታ»። ዛፉ ይወድቃል፦ «ፑ ኦ»። ትሱፑን እናንተ ጨምሩ፤ ዛፉ የወደቀው ወንዝ ዳር ይሁንና አንድ ነገር ከላዩ ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ይግባ። ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት፣ ቋ ቋ፣ ጓ፣ ጥልቅ እያላችሁ። ከዚያ ድምፆቹን ብቻ በኪችዋው ተኩ፣ የቀረው አማርኛ ይሁን። «ፑ ኦ» ላይ አትቸኩሉ። «ፑ» ላይ ግንዱ ይለቃል፣ «ኦ» ላይ ቅርንጫፉ አየሩን እየቀዘፈ ይወርዳል። ልጆች ካሉ ልጆች ፊት አውሩት። ልጅ ካልገባው ርዝመቱን ወይም እጃችሁን አስተካክሉ፤ ቃሉን በአማርኛ አትተርጉሙለት።

በስፓንኛ የተማረና ከተማ የገባ ሰው እነዚህን ቃላት እየተወ መምጣቱ ያሳዝነኛል። ትምህርት ቤት እንደ ቁም ነገር አይቆጥራቸውም፣ መዝገበ ቃላትም ብዙዎቹን ይዘላቸዋል። ስለዚህ ኬችዋ የሚናገር ወጣት አግኝታችሁ ስትጠይቁት «እሱ አያቴ የምትለው ነው» ቢላችሁ አትገረሙ። አያቱ ካለች ወደ እሷ ሂዱ።

ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ኢማታ ኒን?» ምን ይላል ማለት ነው። ወንዙን ጠቁሙና ኢማታ ኒን። የወፉን ድምፅ ከስልካችሁ አሰሙና ኢማታ ኒን። ጠጠር ውሃ ውስጥ ጣሉና ኢማታ ኒን። መልሱ ሲመጣ ለመጻፍ አትቸኩሉ፣ ወዲያው በድምፅና በእጅ ድገሙት። አጭር ካደረጋችሁት አስረዝመው መልሰው ይሉላችኋል። ቀዝቀዝ ካደረጋችሁት ጮክ ብለው ይሉላችኋል። እስኪስማሙበት ድረስ ድገሙ፣ ከዚያ ቅረጹና ጻፉት፤ ስትጽፉ ደግሞ የትኛው መንደር ላይ እንደተባለ አብራችሁ መዝግቡ፣ የሚቀጥለው መንደር ሌላ ሊል ይችላልና።